የጋሽ አጥናፉ እምቢተኛ ራስ

የከተማችንን ስም ልነግራችሁ አስቤ ነበር። እውነተኛውን ስሟን ማውጣት ፈራሁ፤ የፈጠራ ስም ላውጣላት ስል ደግሞ ያወጣሁት ሁሉ የሆነ ሰው የትውልድ አገር ሆኖ ተገኘና ተውኩት። ወንዝ አላት፣ ድልድይ አላት፣ አደባባይ አላት። ለዛሬው ጨዋታ ይህ ይበቃናል።

በእኛ ከተማ ዳኛ የለም፣ ሹምም የለም። ያለን ነቅናቂ ነው። ድሮ እንደ ሌላው አገር ሹማምንት ነበሩን፤ ግን ወሬ አበዙብን። የመጨረሻው ሹም ድልድዩን ሲመርቁ የጀመሩትን ንግግር ሳይጨርሱ ድልድዩ እድሳት ጠየቀ። ያኔ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ «ከእንግዲህ ሹማችን ራስ እንጂ አፍ አያስፈልገውም» ብለው ቆረጡ። ከዚያ ወዲህ አደባባዩ መሀል ከፍ ያለ ወንበር ተሠርቶ አንድ ሰው ይቀመጥበታል። ጉዳይ ያለው ቀርቦ «ልሥራ? ልሽጥ? ልዳር?» ብሎ ይጠይቃል። ነቅናቂው ራሱን ዝቅ ከፍ ካደረገ ተፈቅዷል፤ ግራ ቀኝ ከወዘወዘ ተከልክሏል። ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ እጁን ከጉልበቱ አያነሳም፣ አፉንም አይከፍትም። ከወንበሩ ወርዶ የተናገረው ነገር ደግሞ ከንቱ ነው፤ ቤቱ ገብቶ ምሎ ቢገዘት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥርለትም። አንዴ የፈቀደውም አይመለስም፤ የከለከለው ግን ዳግም ሊጠየቅ ይችላል። ሞኝነት ነው ትሉ ይሆናል፤ እኛ ግን ዝምታውን ወደነው ነበር።

ጋሽ አጥናፉን የመሰለ ነቅናቂ በከተማችን ታይቶ አይታወቅም። እሺታቸው ቁርጥ ያለች ናት፤ አገጫቸው ደረታቸውን ነክቶ ይመለሳል፣ አለቀ። እምቢታቸውም ሰው አታስቀይምም ነበር። እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው አንድ ቀን ጠዋት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ የገዛ ራሳቸው የከዳቸው።

የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ሸክላ ሠሪ ነበረች። «ምድጃዬን ከጓሮዬ አንስቼ ወንዙ ዳር ልትከለው?» አለች። ጋሽ አጥናፉ በልባቸው «ይህማ ደግ ነገር ነው፣ ጭሱም ይቀልልናል» ብለው እሺ ሊሉ ሲሉ ራሳቸው ግራ ቀኝ ሄደ። ሊያቆሙት ታገሉ፤ ጭራሽ ባሰበት። ውሳኔውን ጮኾ የሚያሰማው አዋጅ ነጋሪ፣ ጉልላት የሚባለው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ተከልክሏል!» አለ። ጋሽ አጥናፉ ብርድ መቶኝ ይሆናል ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በከተማችን ያልተከለከለ ነገር አልነበረም።

ቤታቸው ሲገቡም አላቆመም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ «ወጥ ልጨምርልህ?» አሏቸው። ራሳቸው ተወዘወዘ። ወይዘሮ አትጠገብ ድስቱን ሊያነሱ ሲሉ ጋሽ አጥናፉ ጮኹ፤ «ኧረ ጨምሪልኝ! ርቦኛል! እኔ አይደለሁም እምቢ ያልኩት።»

«ታዲያ ማነው? አንገትህ ላይ ያለው የጎረቤት ነው?»

ጋሽ አጥናፉ ወደ ትሪው ተጠጉ። ወጡን ሲጎርሱም ግማሹ ጉንጫቸው ላይ ቀረ።

መጀመሪያ ላይ ከተማው ተጨነቀ። ዳቦ ጋጋሪዎች ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ሄደው ተከለከሉና ዳቦ በነጠላ ሥር ተደብቆ ይሸጥ ጀመር። የተከበሩ ሰዎች ጥግ ይዘው «ትኩስ አለሽ?» እያሉ ሲንሾካሾኩ በዓይኔ አይቻለሁ። ኋላ ግን ሰዉ ነቃ። አንድ የዶሮ ሌባ ተይዞ ቀረበና ጉልላት በደንቡ መሠረት «ይታሰር?» ሲል የጋሽ አጥናፉ ራስ ተወዘወዘ። ሌባው እጅ ነስቶ፣ ዶሮዋን ታቅፎ ሄደ። ቦይ ጠረጋ ተራ የደረሳቸው ሰዎች ይህን ሰሙ። አካፋቸውን ይዘው መጡና በታላቅ ትሕትና «ቦዩን እንጥረግ?» ብለው ጠየቁ። ሲከለከሉ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው አንገታቸውን ደፍተው አደባባዩን አቋረጡ፤ ጥጉን እንደታጠፉ ግን ጭፈራቸው ተሰማ። ተማሪዎች መጥተው «እንፈተን?» አሉ። አንዲት አማት ልጃቸው ቤት ሊከርሙ ፈልገው ቢጠይቁ ተከለከሉ፤ አማቻቸው የወንበሩን እግር ስሞ ተመለሰ። ቦዩ ሞላ፣ ውሃው ገበያ ገባ፣ እንቁራሪት ከሽንኩርት ጋር ትሰፈር ጀመር።

«ታዲያ ሌላ ነቅናቂ ለምን አልሾማችሁም?» ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ብለን? ሌላ ሰው ለመተካት የነባሩ ነቅናቂ እሺታ ያስፈልጋላ! ጉልላት ራሱ ቀርቦ «ሌላ ሰው እንተካ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረና «ተከልክሏል!» አለ። «ሐኪም እንጥራ?» ብሎም ሞከረ። እሱም ተከለከለ።

ይህ ሁሉ ያስቃል። ጋሽ አጥናፉን ግን አላሳቃቸውም፤ ምክንያቱም የውብዳር አለች። የውብዳር አንድ ልጃቸው ናት። ቢያድግልኝ ከሚባል ጥላ አከራይ ጋር ትዋደዳለች። ጥላ አከራይነት በእናንተ አገር ይኑር አይኑር እንጃ፤ እኛ ዘንድ ግን የተከበረ ሙያ ነው። ወረፋ ይዞ ፀሐይ ላይ የቆመ ባለጉዳይ አናት ላይ ትልቅ ዣንጥላ ይዞ መቆም ነው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጋሽ አጥናፉም ከልባቸው ይወዱታል። ቤተሰቡ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ የውብዳር ከተዳረች ወደዚያው ነው የምትሄደው፤ የእኛ ሙሽራ በባሏ ቤት እንጂ ባባቷ ቤት አትኖርም።

ጋብቻም ታዲያ ወንበሩ ፊት ነው የሚጠየቀው። ሦስት ጊዜ የተከለከለ ጋብቻ ለዘላለም ቀረ ማለት ነው፤ ወንዱም ጓዙን ጠቅልሎ አገሩን ይለቃል። ልጆቹ አንዴ ጠየቁ፣ ተከለከሉ። ብርዱ የለቀቃቸው መስሏቸው ደግመው ጠየቁ፣ ተከለከሉ። የቀረቻቸው አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት።

«ልጄ፣ እኔ እኮ እሺ ነኝ!» ይላሉ ጋሽ አጥናፉ ማታ ማታ። «ከልቤ እሺ ነኝ! እመኚኝ!» ይህን ሲሉ ራሳቸው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይላል።

«አውቃለሁ አባዬ» ትላቸዋለች። ዓይኗ ግን ራሳቸው ላይ ነው። ከተወለደች ጀምሮ በዚህ ከተማ ያደገች ልጅ ናት፤ ከአፍ ይልቅ ራስን ማመን ለምዳለች። ጋሽ አጥናፉ ጥርጣሬዋን አዩት።

ሐኪም መጥራት ቢከለከልም ሳይጠሩት የመጣን ሐኪም ማባረርም ፈቃድ ይጠይቃል። እንደዚህ ሆኖ ነው ዶክተር ምሕረተአብ ከተማችን የገባው። የአንጎል ተመራማሪ ነው። እንዲህ ያለ ራስ መኖሩን በወሬ ሰምቶ፣ ሽቦ የተተበተበበት ቅርጫት የሚመስል ባርኔጣ በበቅሎ አስጭኖ መጣ። ቅርጫቱን ጋሽ አጥናፉ ላይ ደፋው። ለማነጻጸሪያ ብሎ ደግሞ ጉልላት ላይ ደፋው። ቀጥሎም አንዲት ፍየል ላይ ደፋው። የመጀመሪያው ግኝቱ የፍየሏ አንጎል ከጉልላት አንጎል ይልቅ የተረጋጋ መሆኑ ነበር፤ ይህን አደባባይ ላይ በማውራቱ ጉልላት እስከ ዛሬ ቂም ይዞበታል።

«ጋሽ አጥናፉ» አለ ዶክተሩ አንድ ቀን፣ «አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚመሩ ክፍሎች አሉ። እርስ በርሳቸው መልእክት ይለዋወጣሉ። የእርስዎ ክፍሎች ግን አንዱን መልእክት እየደጋገሙ አላቆም አሉ።»

«እንደ ድሮ ሹሞቻችን» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

«ሐሳብዎ ደህና ነው። አንገትዎ ነው የማይታዘዘው። ለምሳሌ የልጅዎን ጋብቻ ይፈልጋሉ?»

«አዎ» አሉ ጋሽ አጥናፉ ራሳቸው እየተወዛወዘ።

ዶክተሩ ራሳቸውን እንኳ ቀና ብሎ አላየም። «አዎ ብለዋል» አለና ወደ ሽቦው ተመለሰ። ጋሽ አጥናፉ እንደ ልጅ አለቀሱ። ራሳቸው ከከዳቸው ወዲህ አፋቸውን ያመነ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ይሁንና የዶክተሩ ወሬ ከቤት ወጣ። አንጎል ክፍሎች እንዳሉት ከተማው ሲሰማ ጥፋቱን የሚጭንበት ክፍል ያላገኘ ሰው ጠፋ። አርፋጁ «የማለዳው ክፍሌ ተዘግቶ ነው» አለ። ባሎች «እንጨት የሚፈልጠው ክፍሌ መልእክት አልደረሰውም» ማለት ጀመሩ። ሚስቶችም «ራት የሚሠራው ክፍሌ የት እንደሄደ እንጃ» ብለው መለሱላቸውና ነገሩ በዚያው በረደ። የዶሮ ሌባው ሳይቀር ሁለተኛ ሲያዝ በጣቱ ማጅራቱን እያሳየ «እኔ ምን ላድርግ፣ እሱ ነው» አለ።

ዶክተሩ ግን ሥራውን ቀጠለ። ለቅርጫቱ ማርሽ ሠራለት፤ ማርሹ ሲዞር ሽቦው ስልት የሳተውን ክፍል ነካ ነካ እያደረገ ያረጋጋዋል ነው ነገሩ። በገበያ ቀን ጋሽ አጥናፉ ቅርጫታቸውን ደፍተው ወንበራቸው ላይ ወጡ። ዶክተሩ ማርሹን አዞረ። ራሳቸው ቆመ። ሕዝቡ እልል ሊል አፉን ሲከፍት ዶክተሩ «ትንሽ ልጨምርበት» ብሎ አንድ ጊዜ አዞረው። የጋሽ አጥናፉ ራስ ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ ማለት ጀመረ፤ ማን ያቁመው!

አቤት ያኔ የነበረው ግርግር! ሰዉ ሱቁን ጥሎ፣ ምጣዱን ጥሎ፣ ልጁን ጥሎ ሮጠ። አንዱ ዝናቡ የኔ ይሁን አለ፤ ተፈቀደለት። ሌላው ከታናሽ ወንድሜ ላንስ አለ፤ ይኸው ዛሬም ወንድሙን «ጋሼ» እያለ ነው የሚጠራው። አማትየዋ ጓዛቸውን እንደተሸከሙ እየሮጡ ደረሱ። ጉልላት «ተፈቅዷል! ተፈቅዷል!» ሲል ድምፁ ተዘጋ።

ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸውንና ቢያድግልኝን በግራና በቀኝ እጃቸው እየጎተቱ ሰው መሀል ገቡ። «ቶሎ በሉ! ጠይቁ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?»

ቢያድግልኝ አፉን ሲከፍት የውብዳር ያዘችው። «አልጠይቅም» አለች። «ይሄ የሽቦ እሺ ነው። እኔ የአባቴን ነው የምፈልገው።»

«ወይ አበሳዬ! እሺ እሺ ነው! የማንም ይሁን!»

«ለዶሮ ሌባ የሚሰጥ እሺ ለኔ ይሰጠኝ እማዬ?»

እናቲቱ ደረታቸውን እየደቁ ሳሉ ከቅርጫቱ ጭስ ወጣ። ዶክተሩ ዘሎ ነቀለው። ራሳቸው ጥቂት አረፍ አለና ወደ ቀድሞ ግራ ቀኙ ተመለሰ። ጋሽ አጥናፉ የፀጉራቸው ዳር ትንሽ ከመለብለቡ በቀር ደህና ነበሩ። ያን ቀን ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸውን አላነጋገሯትም።

በማግስቱ ዶክተሩ ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ምሳ ላይ ተገኘ። ክክ ወጥ ነበር። ወጡ እንደ ወትሮው ጉንጫቸው ላይ ሲቀር የውብዳር በጣቶቿ ልትጠርግላቸው እጇን ጉንጫቸው ላይ አሳረፈች። ራሳቸው ቀጥ አለ።

«እጅሽን እንዳታነሺ!» ብሎ ጮኸ ዶክተሩ፤ ጉርሻው ከእጁ ወደቀ።

ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ዶክተሩ ስለዚህ በትምህርት ቤት ሰምቶ ነበር። አንዳንድ ሰው ላይ ፊት ቀለል ተደርጎ ሲነካ አንጎል የንክኪውን መልእክት ይሰማና ያንን ድግግሞሹን ይተዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን «እሱ ገና ጥናት ያስፈልገዋል» ነው መልሱ። ሌላ እጅም ሞከረ። የገዛ እጃቸው አብሮ ተወዘወዘ። የጉልላት እጅ ምንም አልፈየደም። የወይዘሮ አትጠገብ እጅ ሲነካቸው ጭራሽ ባሰበት፤ እሳቸውም «ደግ ነው፣ ገባኝ» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ሆነ ሆነና የሠራው የውብዳር እጅ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የውብዳር ከወንበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ እየቆመች ሦስት ጣቷን ያባቷ ጉንጭ ላይ ታሳርፋለች። ቢያድግልኝ ለሁለቱም ዣንጥላውን ይይዛል፣ ኪራይም አይጠይቅም። ከተማው ነፍስ ዘራ። ዳቦ ከነጠላ ሥር ወጣ፣ ሸክላ ሠሪዋ ወንዙ ዳር ወረደች፣ ቦይ ጠራጊዎች እየተራገሙ ቦዩ ውስጥ ገቡ። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላቸው ግን ጋሽ አጥናፉ ናቸው። የሰው ፊት ሳይወዛወዝባቸው አዩ። ውሃ በብርጭቆ ሳያፈሱ ጠጡ። ሐሳባቸውና ራሳቸው ታረቁ።

ጉልላት ይህን ሁሉ አይቶ ማሰብ ጀመረ። አስቦ አስቦም አንድ ማለዳ ባለጉዳይ ሳይገባ መጣ። «ጋሽ አጥናፉ፣ ልጅቷ ማዶ ከተዳረች እጇም ማዶ ይሄዳል» አላቸው። «ያኔ እርስዎም ከተማውም ወደዚያ ጉድ ልንመለስ ነው። ይህ እጅ ከእንግዲህ የሕዝብ እጅ ነው። ልጆቹ ሦስተኛዋን ጥያቄ ከጠየቁ እርስዎ ራስዎ ጤናዎን ያስቡበት። ያለ እሷ እኮ ውሃ እንኳ መጠጣት አይችሉም።»

ጋሽ አጥናፉ ገና ወንበሩ ላይ አልወጡም ነበር፤ መናገር ይችላሉ። ግን ቶሎ ብለው ወንበራቸው ላይ ወጡ። እኔ ያኔ ጎናቸው ነበርኩ፤ ፈርተዋል። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ፈርቼ ነበር።

ልጆቹ የዚያኑ ቀን ጠየቁ። ቢያድግልኝ ዣንጥላውን አጥፎ ወንበሩ ፊት ቆመ። የውብዳር በርጩማዋ ላይ እንዳለች፣ ጣቶቿ ያባቷ ጉንጭ ላይ እንዳሉ ቆማለች። «የውብዳርን ላግባት?» አለ ልጁ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማው።

የጋሽ አጥናፉ ራስ ቀጥ ብሏል። ልጁን አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ብቻ ወደ ልጃቸው አዞሩ፤ ራሳቸውን ቢያዞሩ ጣቷ ይለቃቸዋል ብለው ሰግተው ነው። ብዙ ቆዩ። ጉልላት መሳቅ ሲጀምር አገጫቸው ወረደ፣ ደረታቸውን ነካ፣ ተመለሰ። ቁርጥ ያለች የጥንቷ እሺታቸው ናት።

ጉልላት አፉ ተሳሰረ። ቢጠበቅ ቢጠበቅ ዝም አለ። ከሕዝቡ መሀል ወይዘሮ አትጠገብ «ተፈቅዷል!» ብለው ጮኹ፤ ያን የመሰለ ጩኸት ከጉልላትም ሰምተን አናውቅ።

የውብዳር ግን እጇን አላነሳችም። «አባዬ» አለች፣ «ብለቅህ እኮ...»

ጋሽ አጥናፉ ያኔ ደንብ ጣሱ። እጃቸውን ከጉልበታቸው አነሡና የልጃቸውን ጣቶች ከጉንጫቸው ላይ ቀስ አድርገው አላቀቁ፤ ስመውም ለቢያድግልኝ አስያዙት። ወዲያው ራሳቸው ግራ ቀኝ ማለት ጀመረ። ጉልላት ምላሱ ተፈታለትና «ተከልክሏል! ይኸው እያያችሁ! ተከልክሏል!» እያለ ዘለለ። ሕዝቡ ግን ደንቡን ያውቃል፤ አንዴ የተፈቀደ አይመለስም። ቦይ ጠራጊዎቹ ጉልላትን አንሥተው ቦዩ ውስጥ አስቀመጡት። ይህን ለማድረግ ፈቃድ መጠየቅ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ሙሽሮቹ በእልልታ ድልድዩን ሲሻገሩ ጋሽ አጥናፉ ከወዲህ ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ራሳቸው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይላል፤ እንደዚያን ቀን ተወዛውዞም አያውቅ። ዕንባቸው በሁለቱም በኩል እየተረጨ አጠገባቸው የቆምነውን አረጠበን። ዶክተር ምሕረተአብ ቅርጫቱን በብብቱ ይዞ ቀስ ብሎ ተጠጋቸው።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለጥናቱ ያህል ነው» አለ። «አሁን ይሄ እምቢታ የበሽታው ነው ወይስ የእርስዎ?»

ጋሽ አጥናፉ ዓይናቸውን ከድልድዩ ላይ ሳያነሡ «እኔም አልለየሁትም ልጄ» አሉት።